ልበ ግልጥና ልበ ስውር በዲዳዋ ሸለቆ

ውድ እህቴ ማሩሃ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ከቀዝቃዛው መጋዘን ወጥተሽ፣ ጓንትሽን አውልቀሽ፣ እግርሽን ዘርግተሽ የምታነቢው ያድርገው። እንዴት ከርመሻል? ሰላጣ ስታሽጊ የምትውይበት ጣትሽ አሁንም ይደነዝዝሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ዝግት ብሎብኝ ነበር፤ ጉንፋን ነው ብለሽ ብትሸነግይኝም አላመንኩሽም። አማቻችን ዊልመር ደህና ሥራ አገኘ ወይስ አሁንም የሰው ብርቱካን እየለቀመ ነው? ልጆችሽስ፣ የያኒና ሳል ተሻላት? ኤዲሰንስ በቁመት አልፎሽ ይሆን? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። የእናታችን ነገር ግን ደህና ናት ብዬ በአንድ መስመር የማልፈው ስላልሆነ ወደ ታች እጽፍልሻለሁ። ቸኩለሽ መጨረሻውን አትመልከቺ፤ በሕይወት አለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ቤታችን የሳንቃ ነው፤ እዚህ የተነፈሱት እዚያ ይሰማል። እናታችን ደግሞ ብዙ ነገር ብትረሳም ጆሮዋ እንደ ድሮው ነው። ልነግርሽ ያሰብኩትን እሷ እየሰማች መናገር አልቻልኩም። ሌላው ምክንያት የመዳብ ኩባንያው ሰው፣ ኢንጂነር ባሳንቴስ ነው። በዲዳዋ ሸለቆ ያለውን መሬት ድርሻሽን እንድትሸጪለት ለዊልመር የውክልና ወረቀት እንደ ላከና ቆንስላ ሄደሽ እንድትፈርሚ እንደ ለመነሽ ራሱ ነግሮኛል። እባክሽ እህቴ፣ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ድረስ እስክሪብቶ አታንሺ።

የጫካ ጥበቃው የቀጠረኝ ጊዜ «ሰው ላም ይቆጥራል፤ አንቺ እንቁራሪት ትቆጥሪያለሽ» ብለሽ ስቀሽብኛል። ይኸው ስድስት ዓመት ቆጠርኩ። አንቺ ከዚህ ስትሄጂ የመስታወት እንቁራሪት ማለት ለእኛ ልጆች ቅጠል ገልብጠን የምናየው መጫወቻ ነበር። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ አይበልጥም። ጀርባው ቅጠል ይመስላል፤ ሆዱን ሲያዩት ግን ቆዳ ያለው አይመስልም። አንጀቱ፣ ጉበቱ፣ ሴቷ የተሸከመችው ዕንቁላል ሳይቀር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከዋና ከተማው ከኪቶ የምትመጣው ዶክተር ኒዲያ ለሁለቱ ዝርያዎች ረጃጅም የላቲን ስም አላት። እኔ ግን የአባታችንን አጠራር አልተውኩም፤ አንዱ ልበ ግልጥ፣ ሌላው ልበ ስውር።

ልዩነታቸውን ሳልነግርሽ የቀረውን ብጽፍልሽ አይገባሽም። ልበ ግልጡን በብርሃን ፊት ብትይዢው ልቡ ደረቱ ውስጥ ቀይ ሆና ስትመታ ታያለሽ። የልበ ስውሩ ልብ ግን በነጭ ነገር ተሸፍናለች፤ ልክ የተገነዘ ሬሳ ትመስላለች። የልበ ግልጡ ጀርባ ላይ ያለው ቢጫ ነጠብጣብ ትልልቅና የተራራቀ ነው፤ የልበ ስውሩ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ልበ ግልጡ ሲጠራ ማንኪያ ብርጭቆ የነካ ያህል አንዴ ጢክ ይልና ዝም ነው። ልበ ስውሩ ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለት አጭር፣ ከዚያ አንድ ቀጭን ረጅም ፉጨት። በሁለቱም ዘር ዕንቁላሉን የሚጠብቀው አባትየው ነው። ልበ ግልጡ ሲነጋ ጥሎት ይሄድና ሲመሽ ይመለሳል። ልበ ስውሩ ግን ቀንም ሌትም ከቅጠሉ ስር አይነቃነቅም።

የአንድ እናት ልጆች ነበሩ፤ ተራራው ለያያቸው ትላለች ኒዲያ። ሁለቱም አሁን ጭንቅ ላይ ናቸው። ልበ ግልጡ በስምንት ወንዞች ነበር፤ አምና ሁለቱ ባዶ ሆነውብኛል፤ አንዱን ላም ያደፈረሰው ጭቃ፣ አንዱን የቆዳ በሽታ ጨረሰው። ልበ ስውሩ ደግሞ የሚታወቀው በእኛዋ በዲዳዋ ብቻ ነበር። ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ከወረደው ናዳ ወዲህ አንድም ሰው አላየውም፤ በመዝገብም ከጠፉት ተርታ ተጽፏል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ወደ ጉዳዬ ልግባ። እነዚህ ፍጥረቶች ቀን ሲተኙ ደማቸውን ከገላቸው ሰብስበው ጉበታቸው ውስጥ ይደብቁታል። ልባቸው ያለ ደም ትመታለች ማለት ይቻላል። ቅጠሉን ስትገልብጪ ሁለት ዓይንና ትንሽ ጥላ ብቻ ታያለሽ። ሲመሽ ደሙ ይመለሳል። ይህን ስድስት ዓመት ሙሉ ባይም አልለመድኩትም።

በጃንዋሪ ኩባንያው መንገድ ሊያወጣ ባለሙያ አመጣ። ሰውየው ሁለት ቀን፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ዲዳዋን ዞረና «እዚህ ያለው ልበ ግልጥ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ ወንዝም አለው፤ መንገዱ ቢያልፍ ግድ የለም» ብሎ ጻፈ። ኢንጂነሩ ያንን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አነበበልን። እኔ ተነስቼ በቀን እንቁራሪት አይቆጠርም ስል ጎረቤታችን ዶን ሲልቬሪዮ ከኋላ ጮኸብኝ።

«ምራቴ በቃሬዛ ላይ ስትወልድ የት ነበርሽ? ለአንድ ሚጢጢ እንቁራሪት ብለን መንገድ እንጣ?»

«መንገዱ በላይ በኩል ይዙር ነው ያልኩት፣ ዶን ሲልቬሪዮ።»

«ባል ስታጪ እንቁራሪት ማሳደግ ጀመርሽ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አልቻልኩም፤ «እንቁራሪቱ እንኳ ልጆቹን ጥሎ አይሄድም፤ እርስዎ ከሰባቱ ልጆችዎ የስንቱን ልደት ያውቃሉ?» አልኩት። ያኔ ደግሞ የሳቁት በእሱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ ተነፋፈግን። በውስጤ ግን የቃሬዛው ነገር እውነት ስለ ነበር ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የእናታችን ነገር የጀመረው በፌብሯሪ ነው። ወደ ማታ፣ ጉሙ ከሸለቆው ሲወጣ፣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ታስጠጋና ታፏጫለች። ጥርስ በሌለው አፍ ፉጨት ማለት ያው ትንፋሽ ነው። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። በሦስተኛው ቀን በቆሎ እየፈለፈልኩ ሳለሁ እጄ ቀጥ አለ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

አባታችን ከወንዙ ማዶ ካለው እርሻ ሲመለስ የሚያፏጨውን መቼም አልረሳሽውም። እናታችን ሰምታ ትወጣለች፤ የመሻገሪያውን ገመድ ትስባለች፤ እሱም ገመዱ ላይ በተንጠለጠለው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ በወንዙ ላይ ይመጣል። ፉጨቱን ከልበ ስውሩ ነው የተማርኩት ይለን ነበር። ናዳው የወረደ ዕለት እኛ ከእሷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ነበርን፤ እሱ ማዶ ነበር። ሸለቆው ውስጥ የነበረው ቤታችንም ገመዱም ሄደ። አስከሬኑም አልተገኘ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም።

«እማ፣ ምንድን ነው የምታፏጪው?» አልኳት።

«እየመለስኩለት ነዋ» አለችኝ። «በዚህ ጉም ገመዱ ጋ ሰው ያለ አይመስለውም።»

በነጋታውም፣ ከዚያም በሚቀጥለው ቀን እንዲሁ። እኔ በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ ባዳምጥ ምንም የለም። እሷ ግን አፏጭታ፣ ሰው ሲናገር እንደሚያዳምጥ ራሷን ዘንበል አድርጋ ትቆያለች፤ ከዚያ ትመልሳለች።

ማርች ዘጠኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዶሮዎቹን አብልቼ ስመለስ ወንበሯ ባዶ ነው። የሱፍ መጎናጸፊያዋ ፖንቾም ከሚስማሩ ላይ የለም። ቦቲ ጫማዬን አጥልቄ እየሮጥኩ ስወርድ ዶን ሲልቬሪዮን ከነበቅሎው አገኘሁት። ኩርፊያውን ረስቶ «እናትሽ አሁን በታችኛው መንገድ አለፈች» አለኝ። «ሰላም ብላት ዞራም አላየችኝ። ፀጉሯን ጎንጉና የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። ሠርግ አለ እንዴ?» ፊቴን ሲያይ በቅሎውን ከዛፍ አስሮ ተከተለኝ።

ዲዳዋን ካየሻት ቆይተሻል። ድሮም ዝምተኛ ነበረች፤ ከናዳው በኋላ ደግሞ ውሃው ከድንጋዩ ስር ገብቶ ስለሚሄድ ወንዙን ታዪዋለሽ እንጂ አትሰሚውም። የዚያን ቀን ወፍ እንኳ አልነበረም። ገና አሥር ሰዓት ሳይሆን ጉሙ ቀኑን አጨለመው። የማዶውን ዳር ማየት አይቻልም። ዶን ሲልቬሪዮ ሲተነፍስና ቦቲው ከጭቃ ሲላቀቅ ከመስማቴ በቀር ሌላ ድምፅ የለም።

እናታችን የልብስ ማጠቢያችን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ከቤታችን የተረፈው እሱ ብቻ ነው፤ ግማሹ ከአፈር ወጥቶ ይታያል። ያን ሁሉ ቁልቁለት በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ እንዴት እንደ ወረደችው አላውቅም። ቀሚሷ ላይ አንዲት ጠብታ ጭቃ የለም። አጠገቧ ደርሼ እጇን ስይዛት «እሽሽ!» አለችኝ፤ ሕፃን እንዳይነቃባት እንደምትፈልግ ሴት።

ያኔ ሰማሁ። ከራሷ በላይ ካለው ሰፊ ቅጠል፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከግራ ሌላ መለሰ። ከኋላችን ሌላ። ቅጠሉን ቀስ ብዬ ገልብጬ ባትሪዬን አበራሁ። ዕንቁላሎቹ እንደ ጠብታ ተንጠልጥለዋል፤ አባትየው ላያቸው ላይ ተቀምጧል። ጀርባው ዱቄት የተነሰነሰበት። ከጎን አጎንብሼ ደረቱን አየሁት፤ ነጭ ነው። ልብ የለም። ስልኬን አውጥቼ መቅዳት ጀመርኩ። ዶን ሲልቬሪዮ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ ነበር፤ ለምን እንዳወለቀ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

አሥር ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆየን። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ዝም አሉ። እንቁራሪት ሰው ሲንቀሳቀስ ዝም ይላል፤ እኛ ግን አልተንቀሳቀስንም። ቀጥሎ ከማዶ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ አንድ ፉጨት ብቻውን መጣ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከእንቁራሪቶቹ ወፈር ያለ ነው፤ መጨረሻው ላይም ደከም ይላል።

እናታችን ዞር አለች። «ሲልቬሪዮ፣ ቆመህ አትየኝ! ገመዱን ሳብለት እንጂ። አርጅቷል፤ ደክሞታል» አለችው።

ዶን ሲልቬሪዮን ታውቂዋለሽ፤ በቄስ ላይ እንኳ የሚያላግጥ ሰው ነው። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። ባርኔጣውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ፤ እጆቹን ወደ ጉሙ ዘረጋና ሳበ። ገመድ የለም፤ እዚያ ቦታ ለሃያ አንድ ዓመት ገመድ ተዘርግቶ አያውቅም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሰባት ጊዜ ሳበ። የክንዱ ጅማት ሲወጠር በዓይኔ አይቻለሁ። ባዶ አየር የሚስብ ሰው ጅማቱ እንዲያ አይወጠርም። ሲያበቃ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

እናታችን ከድንጋዩ ተነሳች፤ ቀሚሷን አስተካከለች፤ እጇን ወደ ፊት ዘረጋች። «ቀስ፤ እዚህ ጋ ያዳልጣል» አለች። ለእኔ አልነበረም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «በቃ፣ እንሂድ። ይበርደዋል» አለችኝ።

እሷን ደግፈን በቅሎው እስከ ታሰረበት ወጣን፤ ከዚያም በቅሎው ላይ አስቀምጠን ቀጠልን። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ እኔም ሆንኩ ዶን ሲልቬሪዮ ከኋላ መሆን አልፈለግንም። ተገፋፍተን ተገፋፍተን በመጨረሻ እሱ ቀረ። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ አልዞረም። ቤት ስንደርስ ትኩስ የሎሚ ሳር ሻይ ሰጠሁት፤ ሲቀበለኝ ጣቶቹን እንጂ መዳፉን አላሳየኝም። «እኔ ምንም አላደረግኩም፤ አሮጊቷ እንዳትከፋ ብዬ ነው» አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ገመድ መዳፉን እንደ ላጠው ሰው እጁን ፖንቾው ውስጥ ደብቆ ሲሄድ አየሁት።

ቅጂውን ለዶክተር ኒዲያ ላክሁላት። በማግሥቱ እያለቀሰች ደወለችልኝ።

«ዞይላ፣ ጠፋ ያልነው ነው! ልበ ስውሩ ነው! ቢያንስ አምስት ወንዶች ይሰማሉ።» ከዚያ ደግሞ «መጨረሻው ላይ የሚያፏጨው ሰው ግን ማነው?» አለችኝ።

«እሱም እንቁራሪት ነው» አልኳት።

«አይደለም። ሰው ነው። ከማፏጨቱ በፊት አየር ሲስብ ይሰማል።»

ዶን ሲልቬሪዮ ነው አልኳት። ዋሸኋት። ዶን ሲልቬሪዮ ከአጠገቤ ነበር፤ ፉጨቱ ከማዶ ነው። ማዶ ደግሞ ዛሬ ገደል እንጂ ሰው የሚቆምበት ቦታ የለም።

ኒዲያ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር መጥታ አምስት ቀን ዲዳዋ ውስጥ ሰነበተች። አሥራ አንድ ልበ ስውር ቆጠሩ፤ ለኩ፤ ፎቶ አነሱ። ልበ ግልጡንም እዚያው፣ ከላይ በኩል አገኙት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲኖሩ ሲታዩ የመጀመሪያው ነው አለች። የጫካ ጥበቃው ማስረጃውን ለፍርድ ቤት አስገብቶ የመንገዱ ሥራ ጉዳዩ እስኪታይ ቆሟል። የመጨረሻውን ፉጨት ግን ኒዲያ ቆርጣ አውጥታዋለች። «ይኼ የእኔ ሥራ አይደለም» ነው ያለችኝ።

ሁለተኛ ስብሰባ ተጠራ። ዶን ሲልቬሪዮ ተነሳ፤ ሁሉም ሰው እንደ ልማዱ ሊሰድበኝ ነው ብሎ ተዘጋጀ። «እኔ መንገድ እፈልጋለሁ። ዛሬም እፈልጋለሁ። በዲዳዋ በኩል ግን አይሁን፤ በላይ ይዙር፤ ቢረዝምም እንሄደዋለን» አለ። ኢንጂነሩ ምን አዲስ ነገር ተገኘ ብሎ ሲጠይቀው «እዚያ የሚኖር አለ» አለው።

«ማን ነው የሚኖረው?»

«እንቁራሪት ነዋ፣ ኢንጂነር!» ብሎ ተቀመጠ። ማንም አልሳቀም።

ስለዚህ ለኩባንያው አሁን የቀረው ዘዴ አንድ ነው፤ መሬቱን ከባለቤቶቹ ገዝቶ በባለቤትነት መከራከር። እኔ እንደማልሸጥ ያውቃል፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ። እህቴ፣ ያንን የባሕር ማዶ ኑሮ አውቃለሁ። የያኒና መድኃኒት፣ የቤት ኪራዩ፣ የዊልመር ሥራ መፍታት፣ ይህ ሁሉ ትከሻሽ ላይ ነው። እዚህ ተቀምጬ ስለ እንቁራሪት ላስተምርሽ አልደፍርም። አባታችን ያንቺም አባት ነው፤ መሬቱም ያንቺም ነው። ብትፈርሚም እህቴ ነሽ። ሳታውቂ ግን እንድትፈርሚ አልፈለግሁም።

አሁን ወደ እናታችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዴም አላፏጨችም። ወንበሯን ከመስኮቱ አንስታ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ለምን አትጠሪውም ብላት «ተሻግሯል፤ ምን ብዬ እጠራዋለሁ?» አለችኝ። ንፍሮዋን ትበላለች፤ መልኳ ወዝ አግኝቷል። ሐኪም አይቷት ነበር፤ ከዕድሜዋ በስተቀር ምንም የለባትም አለ። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ድሮ አልጋዋ መሐል ነበር የምትተኛው። አሁን ግድግዳው ጥግ ተጠግታ ውጪኛውን ግማሽ ባዶ ትተዋለች። ባለፈው ማክሰኞ አንሶላዋን ልቀይር ስገባ በባዶው ግማሽ በኩል እጄን አሳረፍኩ፤ እርጥብ ነበር። የጉሙ እርጥበት ነው አልኩ ለራሴ። መስኮቱ ግን ተዘግቶ ነው ያደረው።

ኒዲያ ቆርጣ ያወጣችው ፉጨት ስልኬ ላይ አለ። አራት ሰከንድ ነው። ብቻዬን ሆኜ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ አልደገምኩትም። ከፈለግሽ ንገሪኝ፣ እልክልሻለሁ። አልፈልግም ካልሽም አልቀየምሽም።

በይ እጄ ደከመ። ለዊልመር ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ በወረቀቱ ነገር እንዳትጣሉ። ያኒናን ሳሚልኝ፤ ለሳሏ የሚሆን የባሕር ዛፍ ማር በሰው እልክላታለሁ። ኤዲሰን የአክስቱን ቁመት ሲያልፍ ፎቶ ላኩልኝ። አብራሽ የምትሠራውን ያቺን ከሎሃ የመጣች ያገራችንን ልጅ ባላውቃትም ሰላም በያት። ዶን ሲልቬሪዮም ሰላም ብሎሻል፤ ሁለተኛ የልጅ ልጁ ስለ ተወለደች ደስ ይበልሽ ብሏል፤ አሁን የልደቷን ቀን በቃሉ ይዞታል። እናታችንን ለማሩሃ ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኋት። «ሁለታችንም ደህና ነን በያት» አለችኝ። «እኔና አንቺ ማለትሽ ነው?» ብላት እንደ ጅል ልጅ አየችኝና ፊቷን አዞረች። እንዳለችው ጽፌልሻለሁ።

ታናሽ እህትሽ ዞይላ

ሳን ኤሊሴዮ፣ ኢንታግ
ኤፕሪል 28 ቀን 2019